የሽቱ ሊጥ

በሉ ጠጋ በሉ! የምትፈሩ ወደ መሃል፣ የማትፈሩ ወደ በሩ! ምነው ታዲያ ሁላችሁም ወደ መሃል ተጋፋችሁ? አይ ጀግኖች! ጥሩ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ አፋችሁን ያዙልኝ።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። ሰውና ጭራቅ ከአንድ ወንዝ ውሃ ይቀዱ በነበረበት ዘመን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጉም የሚውጠው አንድ መንደር ነበረ። ጉሙ ከወረደ ደጃፍህ ላይ ቆመህ የራስህን እጅ አታይም። ከጉሙ ጋር ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ጭራቅ ይወርዳል።

ይህ ጭራቅ ዓይኑ ደካማ ነው። ዓይኖቹ ከሽምብራ አይበልጡም፤ እነሱም ቅንድቡ ውስጥ ጠፍተዋል። አፍንጫው ግን፣ ወየው ልጆቼ፣ አፍንጫው! ዶሮ ከነጫጩቶቿ ትገባበታለች። መንገድ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው፣ ቤቱን የሚያገኘው በአፍንጫው ነው፣ ልጅ የሚለቅመውም በአፍንጫው ነው። በየደጁ ይቆምና በዚያ ጎርናና ድምፁ እንዲህ ይላል፦

«ሰው ሰው ይሸተኛል፣ ጥርሴን ይበላኛል!»

የመንደሩ እናቶች ታዲያ ዘዴ ነበራቸው። ጉሙ ሳይወርድ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ኮረሪማም ጨምረው ይወቅጣሉ። በወንፊት ነፍተው ከስንዴ ዱቄትና ከብዙ ጨው ጋር ያቦኩታል። ሊጡን እያድቦለቦሉ ዶቃ ያወጣሉ፤ አንዱን ወፍ፣ አንዱን ጨረቃ ያስመስሉታል። በስንደዶ ይበሱትና ሰፌድ ላይ ዘርግተው በጥላ ያደርቁታል። ከዚያ በክር ሰክተው በልጆቻቸው አንገት ላይ ያስራሉ። የቅመም ዶቃ ያሰረ ልጅ ጓዳ ጓዳ እንጂ ሰው ሰው አይሸትም። ጭራቁም ደጁ ላይ ቆሞ ያሸትና «ኤጭ! ጓዳ ነው» ብሎ ያልፋል።

በዚህ መንደር ሽቱ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ የሻረግ ቅመም እየወቀጠች ምጥ ቢይዛት ሙቀጫው አጠገብ ወለደቻትና ስሟን ሽቱ አለቻት። አባቷ በሕይወት የለም። አንዳርጌ የሚባል ታናሽ ወንድም ግን አላት፤ እግሩ የማያርፍ፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉማ ጨርሶ የማያርፍ።

አንድ ቀን የየሻረግ እህት ወለደችና የሻረግ ልትጠይቃት ወንዝ ማዶ ልትሄድ ተነሣች። የእሷና የሽቱ ዶቃ ደርሷል፤ የአንዳርጌ ግን ገና አልተሠራም።

«ሽቱዬ» አለቻት ነጠላዋን እያጣፋች፣ «የወንድምሽን ዶቃ አንቺ ሥሪለት። በጥላ አድርቂው እሺ? በእሳት እንዳታደርቂው! በእሳት የደረቀ ሊጥ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ዶቃ ይፈረፈራል። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

«ምን አልኩሽ?»

«በጥላ አድርቂው።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ።» ሁለቱንም ግንባራቸውን ሳመቻቸውና ሄደች።

ሽቱ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው። አንዳርጌ ዓሣ ስለሚወድ ዓሣ ብቻ አወጣችለት፤ ትልቅ ዓሣ፣ ትንሽ ዓሣ፣ አፉን የከፈተ ዓሣ። ሰፌዱን ጥላ ውስጥ አስቀመጠችና ጠበቀች። ነካ አደረገችው፤ እርጥብ። ቆየት ብላ ነካ አደረገችው፤ አሁንም እርጥብ።

ከውጭ ጓደኞቿ «ሽቱ! ነይ ቅልሞሽ እንጫወት!» አሏት።

«ሊጤ አልደረቀም!»

«ተዪው በቃ! ያላንቺም እንጫወታለን!»

ይህችን ሲሏት አላስቻላትም። ሰፌዱን አንሥታ ምድጃው አፍ ላይ አስጠጋችው። ሊጡ ወዲያው ደረቀ። ደረቀ፣ ግን ዓሣዎቹ ሆድ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጡ። ሽቱ ጣቷን በምራቋ አርሳ ስንጥቁን አበስ አበስ አደረገችው። «ማን ያያል!» አለች። በክር ሰክታ ወንድሟ አንገት ላይ አሰረችና ወደ ቅልሞሿ ከነፈች።

አይ ሽቱ! ሰው ባያይ አፍንጫ አያሸትም?

በማግስቱ ዝናቡ ጣለ፣ ወንዙ ሞላ። እናታቸው ማዶ ቀረች። ከዝናቡ በኋላ ጉሙ ወረደ። የመንደሩ በር ሁሉ ጥርቅም፣ ጥርቅም አለ። አንዳርጌ ግን ጫጩት አመለጠችኝ ብሎ ከቤት ወጣ። ሲሮጥ ዶቃው ደረቱ ላይ ይዘላል። ሲዘል ስንጥቁ ይሰፋል። አንዱ ዓሣ ፍርክስ አለ። ሌላው ዓሣ ፍርክስ አለ።

ሽቱ እቤት ውስጥ ሆና ሰማች።

«ሰው ሰው ይሸተኛል፣ ጥርሴን ይበላኛል!»

«አንዳርጌ! ግባ!» ብላ ጮኸች። «አንዳርጌ!»

«ሽቱዬ—!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ዘልላ ብትወጣ ጉም ብቻ። ደጃፉ ላይ የሊጥ ዓሣ ጭራ ወድቋል። ሽቱ ክው አለች። ጭራውን አንሥታ አየችው፤ ስንጥቁ ላይ የራሷ የጣት አሻራ አለበት።

ወደ ጎረቤታቸው ወደ አያ ደምለው ሮጣ በሩን ደበደበች። «አያ ደምለው! ጭራቁ አንዳርጌን ወሰደው! ኧረ በፈጠረዎት ይድረሱልኝ!»

በሩ አልተከፈተም። «ልጄ» አሉ አያ ደምለው ከውስጥ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ጭራቅ የወሰደውን ማን ይመልሳል? ግቢና በርሽን ዝጊ።»

ሽቱ ገባች፤ በሯን ግን አልዘጋችም። የአንገቷ ዶቃ ከደጅ ለሚያሸት ጭራቅ እንጂ ቤቱ ድረስ ለሚሄድ ሰው አይበቃም፤ የቀረውን ቅመም ሁሉ ሙቀጫ ውስጥ ገለበጠች። እያለቀሰች ወቀጠች፣ እያለቀሰች አቦካች። እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ጊዜ የለ! ስለዚህ እርጥቡን ሊጥ ከግንባሯ እስከ እግር ጣቷ ተለቀለቀችው። ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ ብብቷን ሳይቀር ለቀለቀችው። ከዓይኗ በቀር ያልተሸፈነ ነገር የላትም። የተረፈውን ሊጥ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያዘችና ወጣች።

ግን ወዴት? በጉም ውስጥ ምን ይታያል! በጉልበቷ ተንበረከከችና መሬቱን ዳበሰች። ፍርፋሪ የመሰለ ነገር እጇ ገባ። ቀመሰችው፤ ጨው! የአንዳርጌ ዶቃ ነው። ወደፊት ዳኸች። ዳበሰች፣ ቀመሰች፤ ጠጠር። ወደ ግራ ዳኸች። ዳበሰች፣ ቀመሰች፤ ጨው! እንዲህ እየዳበሰች፣ እየቀመሰች፣ ጠጠሩን እየተፋች ሽቅብ ወጣች።

አንድ ቦታ ስትደርስ እጇ ባዶ ላይ ሄደ። ገደል ነው። ድንጋይ ወደ ታች ወረወረችና የሚያርፍበትን ድምፅ ጠበቀች፤ ምንም አልተሰማም። ነፍሷ አልቀረላትም። ወደኋላ አፈገፈገች፤ ስትዞር እፊቷ የዋሻ በር አለ፣ ከውስጥም የእሳት ብርሃን ይታያል።

እየተሳበች ገባች። ጭራቁ እንጨት ሊለቅም ወጥቷል። እሳት ላይ የተጣደው ብረት ድስት ይንተከተካል። አንዳርጌ እግሩን በገመድ ታስሮ ድንጋይ ላይ ተደፍቷል። ሽቱ ቋጠሮውን ያዘችው። ገመዱ እርጥብ ነው፣ ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥርሷ ብትጎትት፣ በጥፍሯ ብትጎትት እምቢ አለ።

ዱም! ዱም! ዱም!

ጭራቁ መጣ! መሸሻ የለም። ሽቱ እሳቱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቀረች። አትተነፍስም።

በዚህ መሃል አንዳርጌ ቀና አለ። ግድግዳው ላይ ሊጥ የተለቀለቀ ነገር አየ፤ ከሊጡ መሃል የሚያውቃቸው ሁለት ዓይኖች ያዩታል። ያ የማያርፍ አፉ ሳያስበው «ሽቱ!» አለ።

ጭራቁ እንጨቱን ጣለው። «ምን አልክ?»

አንዳርጌ ምላሱን ነከሰ። «ሽቱ... ሽቱ ሸተተኝ አልኩ፣ አያ ጭራቅ።»

ጭራቁ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ሁለቱ የአፍንጫ ጉድጓዶች እንደ ወናፍ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። «እውነትህን ነው፤ ሽቱ ነው» አለ። «ሽቱ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ያሳምራል» አለ አንዳርጌ።

«ጭራቅስ ያሳምራል?»

ልጆች፣ ይህን ጭራቅ ከተወለደ ጀምሮ አማረብህ ያለው የለም። እናቱም አላለችውም። ሲጠይቅ ድምፁ ትንሽ ልስልስ አለ። ሽቱ ይህን ሰማች። ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ከግድግዳው ላይ መለሰችለት። «ያሳምራል። በአንገት ሲያስሩኝ አሳምራለሁ።»

ጭራቁ ወደኋላ ዘለለ። «ይናገራል እንዴ?»

«ጥሩ ሽቱ ይናገራል» አለ አንዳርጌ። «ርካሹ ነው ዝም የሚል።»

ሽቱ ከኮባው ቅጠል ሊጥ ቆርሳ ወረወረችለት። «አድቦልብለህ ብሳው፤ በክር ስካውና እሰረው።»

«ክር የለኝም።»

«ያ ገመድ ምን ይሠራል?»

ጭራቁ ወደ አንዳርጌ ዞረና ገመዱን ከእግሩ በጥሶ ወሰደው። «ብትሮጥም ይሸተኛል» አለው። «የትም ብትሄድ አታመልጠኝም፤ ይህን ዕወቅ።» ሊጡን አድቦለበለ፣ ሰካ፣ አንገቱ ላይ አሰረ። «አማረብኝ?»

«አማረብህ አያ ጭራቅ!»

ጭራቁ ፈገግ አለ። የእሳቱ ሙቀት ግን የሽቱን ጉልበት እየለበለበው ነበር፤ ጉልበቷ ላይ ያለው ሊጥ ደረቀና ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። ፈገግታው ጠፋ። አፍንጫው ተከፈተ።

«ሰው ሰው ይሸተኛል፣ ጥርሴን ይበላኛል!»

«እኔ ነኛ!» አለ አንዳርጌ።

«አንተን ለይቼሃለሁ። ይሄ ሌላ ነው።» በአራት እግሩ ሆኖ ወለሉን እያሸተተ መጣ።

«ጆሮህ ባዶ ነው!» አለች ሽቱ ቶሎ ብላ። «አንገቱ አጊጦ ጆሮው ባዶ የሆነ ጭራቅ አይቼ አላውቅም!»

ጭራቁ ቀጥ አለ። ጆሮውን ዳበሰ። «እውነትም ባዶ ነው» አለና አፈረ። ሽቱ የቀረውን ሊጥ በሙሉ ወረወረችለት፤ ቅጠሉ ባዶ ቀረ። ጭራቁ ጡጫ ጡጫ የሚያክሉ ሁለት ጉትቻዎች ሠርቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። «አማረብኝ?»

«አማረብህ አያ ጭራቅ!»

ጧ! ጧ! የሽቱ ክንድ ሊጥ ተሰነጠቀ፤ ከክርኗ ላይ አንድ ቅራፊ ወደቀ።

«ሰው ሰው ይሸተኛል፣ ጥርሴን ይበላኛል!» አሁን አልቆመም። እሷ ካለችበት ግድግዳ ግራና ቀኝ እጆቹን ተከለ። ትንፋሹ ፊቷን ጋረፋት። ፊቷ ላይ ያለው ሊጥ ከግንባሯ እስከ አገጯ መሰንጠቅ ጀመረ።

«አንድ ጌጥ ቀርቷል» አለች። «የትልልቆቹ ጌጥ።»

«የት ነው የሚደረግ?»

«በአፍንጫ።»

«አምጣ!»

ከየት ታምጣ? ቅጠሉ ባዶ ነው። ክንዷ ላይ ያለው እንደ ሸክላ ደርቋል፣ እግሯ ላይ ያለውም ደርቋል። እጇን ብብቷ ውስጥ ሰደደች፤ እዚያ ያለውን ላቧ እርጥብ እንዳደረገው አቆይቶታል። ግን እሱን ካነሣችው ብብቷ ባዶውን ይቀራል፣ ሽታዋም ይወጣል። ካላነሣችውም ፊቷ ተሰንጥቆ ማለቁ ነው። አንዳርጌን አየችው። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ዝም ብሏል።

በሁለት እጇ ከሁለቱም ብብቷ ሊጡን ፈነቀለችው።

ሽታዋ ወጣ! ጭራቁ ዓይኑ ፈጠጠ። «ሰው ነው! ሰው ሰው ይሸ—» አለና በደስታ አፍንጫውን ቦርግዶ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ወደ ውስጥ ሳበ። ያን ጊዜ ሽቱ ሁለቱን ሊጦች ወደ ሁለቱ ጉድጓዶች ወረወረቻቸው። መጠቅጠቅ አላስፈለጋትም፤ እሱ ራሱ ሳባቸው። ሽሩፕ! ሽሩፕ! እስከ ግንባሩ ድረስ ገቡ።

ጭራቁ ቆመ። አሸተተ፤ የሰው ሽታ የለም። ሽቱ እፊቱ ቆማለች፣ አያያትም። በጥፍሩ ሊቆፍር ቢሞክር ይበልጥ ገፋው። ወደ እሳቱ ጎንበስ ብሎ ሊያስነጥስ ሞከረ፤ እሳቱ ሊጡን አድርቆ ድንጋይ አደረገለት።

ሽቱ የወንድሟን እጅ ያዘችና እግሬ አውጪኝ አሉ። ከዋሻው ወጥተው ከበሩ ጎን ካለ አለት ሥር ተወሸቁ፤ ከዚያ በላይ እንዳይሮጡ ገደሉ ቅርብ ነው፣ ጉሙም አልተነሣም። ጭራቁ ግድግዳውን እየተላተመ ወጣ።

«ሰው ሰው...» አለ። «ሰው ሰው...» አሸተተ። ከቅመሙ በቀር የሚሸተው የለም። «ሽቱ ሽቱ ይሸተኛል!» ብሎ አገሳ። «ያቺ ሽቱ! እዚሁ ናት! እፊቴ ናት!»

አንድ እርምጃ ተራመደ። ሽታው እፊቱ ነው። ሌላ እርምጃ ተራመደ። አሁንም እፊቱ ነው። ሮጠ፤ ሽታውም ከፊቱ አልጠፋ አለ። ከአፍንጫው ውስጥ ያለ ነገር ወዴት ይጠፋል! በአጠገባቸው አለፈ፤ የእግሩ ንፋስ ፀጉራቸውን አንቀሳቀሰው። «ደረስኩብሽ!» አለ። «ደረስኩብ—»

ከዚያ በኋላ ድምፁ ከታች፣ ከታች፣ ከታች ሆነ። በመጨረሻም ጠፋ።

አንዳርጌ ከሽቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አልቅሰው አልቅሰው ሲጨርሱ ጉሙ ሳሳ፤ ተያይዘው ቁልቁል ወረዱ። የመንደሩ ሰው እልልታውን አቀለጠው። አያ ደምለው ወጥተው አንገታቸውን ደፍተው ሽቱን ጉልበቷን ሊስሙ ቢሉ «ኧረ ተዉ አያ ደምለው፣ እኔም ፈርቼ ነበር» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የቅመም ዶቃ የሚታሰረው ለሰርግና ለዓመት በዓል፣ ለጌጥ ብቻ ነው አሉ።

ያንኑ ቀን ማታ ወንዙ ጎደለና የሻረግ መጣች። ወሬውን ገና መንገድ ላይ ሰምታ ነጠላዋን ጥላ ነው እየሮጠች የደረሰችው። አንዳርጌን ጨምቃ ጨምቃ ስትለቀው፣ ሽቱን ግን ከነደረቀው ሊጧ ጥግ ላይ ቆማ አገኘቻት። እጇን ይዛ ወሰደቻት፣ ውሃ አሞቀች፣ ገንዳ ውስጥ አስቀመጠቻትና ትፈትጋት ጀመር።

«እማዬ» አለች ሽቱ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ዶቃውን በእሳት ያደረቅሁት እኔ ነኝ። አንቺ በጥላ ብለሽኝ ነበር።»

እናቷ እጇ ቆመ። ሽቱ ጥፊውን ጠበቀች።

«ዋሻ ድረስ ሄዶ ያመጣውስ ማነው?» አለች የሻረግ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቀና በይ፤ ጆሮሽ ውስጥ ሊጥ አለ» አለቻትና እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ መፈተጓን ቀጠለች።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ እስኪ አንዳችሁ ውሃ አቀብሉኝ!